አሌክሳንደር ልያፑኖቭ፦ የመረጋጋት ማረጋገጫ ከሚሽከረከር ፈሳሽ እስከ ሲሊከን ቅንጣት

በአረካ መናኸሪያ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ባለሙያ የተሰበረ መስታወት ሲቀይር፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዳ የምትገኘውን ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ቁራጭ ልብ አይላትም። ስልኩ ሲጋደም ምስሉ አብሮ እንዲዞር የምታደርገው ግን ይህች ቁራጭ ናት። በውስጧ ከሲሊከን ተፈልፍሎ በቀጫጭን ዘንጎች የተንጠለጠለ፣ በዐይን የማይታይ አካል አለ፤ ስልኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሱም ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው በኤሌክትሪክ ይለካል። ይህን የመሰለው መሣሪያ ማይክሮ ኤሌክትሮሜካኒካል ሥርዓት ይባላል። ነዳፊው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥርዓቱ ከሚዛኑ ጥቂት ቢናጋ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ ይወድቃል? ይህን ጥያቄ በጥብቅ ሒሳባዊ ፍች አቅርቦ አጠቃላይ መልስ የሰጠው አሌክሳንደር ሚካኢሎቪች ልያፑኖቭ ትራንዚስተር ከመፈልሰፉ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ አርፏል። እሱን ያስጨነቀው ደቃቅ መሣሪያ አልነበረም፤ በጠፈር ውስጥ የሚሽከረከር ግዙፍ ፈሳሽ አካል እንጂ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ልያፑኖቭ በ1857 በሩሲያ ያሮስላቭል ከተማ ተወለደ። አባቱ በካዛን የከዋክብት መመልከቻ ያገለገለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ በኋላ በያሮስላቭል የዴሚዶቭ ሊሲየም ኃላፊ ሆኗል። አባትየው በ1868 ሲሞት እናትየዋ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተዛወረች። ከሦስቱ አንዱ ሰርጌይ የሙዚቃ ደራሲ፣ ሌላው ቦሪስ የስላቭ ቋንቋዎች ተመራማሪ ለመሆን በቅተዋል። አሌክሳንደር መደበኛ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በአጎቱ በራፋይል ሴቼኖቭ ቤት ይማር ነበር፤ ራፋይል የታዋቂው የፊዚዮሎጂ ሊቅ የኢቫን ሴቼኖቭ ወንድም ነው። አብራው ትማር የነበረችው የአጎቱ ልጅ ናታሊያ ከዓመታት በኋላ ሚስቱ ሆነች። የሕይወቱ መጨረሻ ከእሷ መጨረሻ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ስሟ ከዚሁ ሊያዝ ይገባል።

በ1876 ከጂምናዚየም በወርቅ ሜዳሊያ ተመርቆ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጀመሪያ የተመዘገበው በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ቢሆንም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሒሳብ ተሻገረ። በዚያ ዘመን የፒተርስበርግ ሒሳብ ማለት ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ ማለት ነበር። ቼቢሼቭ ለተማሪዎቹ ይሰጥ የነበረው ምክር ጠንከር ያለ ነው፤ ቀላል ጥያቄን ከአዲስ አቅጣጫ መፍታት ብዙ ዋጋ የለውም፣ ወጣት ተመራማሪ አቅሙን የሚፈትነው ከባድ ጥያቄ ላይ ነው ባይ ነበር። ልያፑኖቭ በ1882 የማስተርስ ጥናት ርዕስ ሲፈልግ የተሰጠውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሰማይ አካላትን ቅርጽ ይመለከታል። በራሱ ስበት ተይዞ በጠፈር የሚሽከረከር ፈሳሽ ቀስ ብሎ ሲዞር ከሁለት ወገን የተጨፈለቀ ኳስ ይመስላል፤ ይህን ማክሎሪን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል። በ1834 ያኮቢ ሦስት የተለያዩ ዘንጎች ያሉት ሞላላ ቅርጽም ሚዛን ሊጠብቅ እንደሚችል ደረሰበት። የቼቢሼቭ ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል፦ የሽክርክሪቱ ፍጥነት ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ከሞላላው ቅርጽ ጥቂት ብቻ የሚለይ አዲስ የሚዛን ቅርጽ ይፈጠራልን? ልያፑኖቭ ሁለት ዓመት ገደማ ታገለው። በመጀመሪያው ግምታዊ ስሌት አዳዲስ ቅርጾች እንዳሉ የሚጠቁም ውጤት አገኘ፤ የቀሩትን ጥቃቅን ቁጥሮች ሳይጥል ለማረጋገጥ ሲሞክር ግን መንገዱ ተዘጋበት። ሌላ ሰው ቢሆን የተገኘውን ያህል ያሳትም ነበር። እሱ ጥያቄውን ወደ ጎን አቆየውና የታወቁት ሞላላ ቅርጾች ሲናጉ ይጸናሉ ወይ በሚለው ላይ ጽፎ በ1885 መጀመሪያ ማስተርሱን አገኘ። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን ከአእምሮው አልወጣም።

በዚያው ዓመት በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ (በዛሬዋ ካርኪቭ፣ ዩክሬን) የሜካኒክስ መምህር ሆኖ ተሾመ። ከእሱ በፊት የነበረውን መምህር ይወዱ የነበሩ ተማሪዎች አዲሱን ሰው በቅሬታ ዐይን ጠብቀውት ነበር። ከሽማግሌው ዲን ጋር ወደ ክፍሉ የገባው ሰው ደግሞ ራሱ ተማሪ የሚመስል ወጣት ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረውና በኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የሆነው ቭላድሚር ስቴክሎቭ ታሪኩን ሲያስታውስ፣ ወጣቱ መምህር በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ትምህርቱን ቢጀምርም ሰዓቱ ሳያልቅ ቅሬታው ሁሉ ወደ አክብሮት መለወጡን ይመሰክራል። ልያፑኖቭ የሚያስተምረውን ሁሉ ራሱ ያዘጋጅ ስለነበር የካርኮቭ የመጀመሪያ ዓመታቱ ለምርምር የተረፋቸው ጊዜ ጥቂት ነው። በ1886 ናታሊያን አገባ። ሌሊቱን እስኪነጋጋ የመሥራት ልማዱ፣ ከቲያትርና ከግብዣ መራቁም በዚያው ዘመን የሚያውቁት ሁሉ የሚያወሱት ነገር ነው።

የዶክትሬት ጥናቱ «የእንቅስቃሴ መረጋጋት አጠቃላይ ጥያቄ» በ1892 ታትሞ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተከላከለው፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ የበረራ ሳይንስ ሊቁ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ነበር። በ1893 ፕሮፌሰር ሆነ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ በተከታዩ ዓመት በ1894 የካዎ ጦና ወላይታ በምኒልክ ጦር ተይዛለች።

የጥናቱን ክብደት ለመረዳት ከእሱ በፊት መሐንዲሶች ምን ያደርጉ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ አንዳንዴ ፍጥነቱን በማርጋት ፈንታ ራሱ ይወዛወዝ ነበር። ማክስዌል በ1868፣ ቪሽኔግራድስኪ ደግሞ በ1876 ምክንያቱን በሒሳብ መረመሩ። አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው፤ እንቅስቃሴው ከሚዛኑ በጥቂቱ ብቻ እንደሚርቅ ወስዶ በእኩልታው ውስጥ ያሉትን የጥቃቅን ቁጥሮች ካሬና ከዚያ በላይ ያሉ ክፍሎች መጣል፣ ከዚያም የቀረውን መሥመራዊ እኩልታ መፍታት። ዘዴው ይሠራል፤ ዛሬም በቁጥጥር ምህንድስና የመጀመሪያ ኮርስ የሚሰጠው ይኸው ነው። ልያፑኖቭ ያነሣው ጥያቄ እነዚያን ክፍሎች ለመጣል ምን መብት አለ የሚል ነው። የተጣለው ክፍል ትንሽ መሆኑ ብቻ፣ በረጅም ጊዜ የሚያመጣው ውጤትም ትንሽ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መልሱ ሁለት መንገድ አለው። በመጀመሪያው መንገድ መሥመራዊው ስሌት መቼ እንደሚታመን ለየ። የእኩልታው ሥሮች ሁሉ እውናዊ ክፍላቸው ከዜሮ በታች ከሆነ፣ የተጣሉት ክፍሎች ምንም ቢሆኑ ሥርዓቱ ለአነስተኛ መናጋት የተረጋጋ ነው፤ አንዱ እንኳ ከዜሮ በላይ ከሆነ የተረጋጋ አይደለም። ከዜሮ በላይ የሆነ ሳይኖር አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ልክ ዜሮ ላይ ከወደቀ ግን መሥመራዊው ስሌት ምንም አይናገርም፤ ፍርዱ ያለው በተጣለው ክፍል ውስጥ ነው። የጥናቱ አስቸጋሪ ገጾች የሚያተኩሩት በእነዚህ አሻሚ ሁኔታዎች ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሁሉ ይበልጥ ስሙን ያስጠራው ነው። ብይ በገበቴ ውስጥ ቢጣል ወዲያ ወዲህ ተንከባሎ በመጨረሻ ከገበቴው ወለል ላይ ያርፋል። ይህን ለማወቅ የብዩን መንገድ ነጥብ በነጥብ ማስላት አያስፈልግም፤ ገበቴው ከሁሉም አቅጣጫ ወደ መሐል ማዘቅዘቁን፣ ሰበቃም የብዩን ጉልበት ያለማቋረጥ እየቀነሰው መሄዱን ማወቅ ይበቃል። ልያፑኖቭ ይህን ሐሳብ ከጉልበት አላቆ ለማናቸውም ዲፈረንሻል እኩልታ አዋለው። በሚዛኑ ነጥብ ላይ ዜሮ፣ ከዚያ ውጭ ሁልጊዜ ከዜሮ በላይ የሆነ፣ በእንቅስቃሴው ሂደትም የማያድግ አንድ ፈንክሽን ማግኘት ከተቻለ ሚዛኑ የተረጋጋ ነው፤ ፈንክሽኑ ያለማቋረጥ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። እኩልታውን መፍታት ቀርቶ መሞከርም አያስፈልግም። ችግሩ ፈንክሽኑን ማግኘት ነው፤ ለዚህ የሚሆን አጠቃላይ ቀመር ስለሌለ እስካሁን የነዳፊውን ብልሃት ይጠይቃል።

ጥናቱ በ1907 በፈረንሳይኛ ቢታተምም ለረጅም ጊዜ በመሐንዲሶች እጅ አልገባም። መጀመሪያ የሠራበት በ1930ዎቹ በካዛን የነበረው የቼታዬቭ የምርምር ቡድን ነው፤ የልያፑኖቭ አባት ከዋክብት ይመለከትባት የነበረችው ከተማ መሆኗ አጋጣሚ ብቻ ነው። በ1944 ሉርዬና ፖስትኒኮቭ ዘዴውን ቀጥታ በቁጥጥር ሥርዓት ላይ አዋሉት። በ1960 ካልማንና በርትራም ያሳተሙት ጽሑፍ ለአሜሪካ መሐንዲሶች አስተዋወቀው። እንግሊዝኛው ሙሉ ትርጉም የወጣው ጥናቱ በታተመ በ100ኛው ዓመት፣ በ1992 ነው።

ዘዴው ለደቃቅ መሣሪያዎች ንድፍ ያለው ፋይዳ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። ሁለት ትይዩ ሰሌዳዎች አሉ እንበል፤ አንዱ የማይነቃነቅ፣ ሌላው በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ነው። በመካከላቸው ቮልቴጅ ሲደረግ ይሳሳባሉ። ስፕሪንጉ የሚመልሰው ጉልበት ከርቀቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ የኤሌክትሪኩ ስበት ግን ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር በክፍተቱ ካሬ ተገላቢጦሽ ያድጋል። ስለዚህ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ቢጨመር ተንቀሳቃሹ ሰሌዳ የመጀመሪያውን ክፍተት አንድ ሦስተኛ እስኪጓዝ ድረስ ይታዘዛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያቆመው ሚዛን የለም፣ ድንገት ተስቦ ይጣበቃል። በልያፑኖቭ ቋንቋ ሲገለጽ የገበቴው ወለል ጠፍጥፎ ጠርዙ ተደርምሷል። በዚያች ወሰን ላይ አንደኛው ሥር በትክክል ዜሮ ነው፤ መሥመራዊው ስሌት ዝም የሚልበት አሻሚ ሁኔታ ማለት ነው። ከወሰኑ አልፎ ለመጓዝ ወይም ከወሰኑ ርቆ ለመኖር ግብረ መልስ ያስፈልጋል። አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ በ1991 ይፋ ያደረገው የመኪና ኤርባግ መቀስቀሻ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር፤ የተንጠለጠለው አካል ሊሸሽ ሲል የኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ መካከል ይመልሰዋል፣ ልኬቱም የሚነበበው ለመመለስ ካስፈለገው ጉልበት ነው።

ሌላው ፈተና የሁለት ቅንጣቶች አለመመሳሰል ነው። ሲሊከኑን የሚፈለፍለው ኬሚካል በሰሌዳው ዳርና መሐል እኩል አይበላም። 2 ማይክሮሜትር ስፋት እንዲኖረው የተነደፈ ዘንግ በ0.2 ማይክሮሜትር ቀጥኖ ቢወጣ ስሕተቱ 10 በመቶ ብቻ ይመስላል። የዘንጉ ግትርነት ግን ከስፋቱ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ 27 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የሙቀቱ ለውጥ አለ፤ ከአረካ ወይና ደጋ ወደ ብላቴ ቆላ የሚወርድ መኪና ውስጥ ያለ መለኪያ ጠዋትና ቀትር አንድ ዓይነት አይሆንም። ነዳፊው ትክክለኛውን ግትርነት ስለማያውቅ በአንድ እኩልታ ላይ ተመሥርቶ መቆጣጠሪያ ቢሠራ የተረጋጋው ያ አንዱ እኩልታ ብቻ ይሆናል። ጽኑ ቁጥጥር የሚባለው ዘርፍ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የያዘው ጉዳይ ይህ ነው፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱም ከልያፑኖቭ በቀጥታ የተወሰደ ነው። ግትርነቱ በተሰጠው ወሰን ውስጥ የትም ቢውል የሚቀንስ አንድ የጋራ ፈንክሽን ከተገኘ፣ ማስረጃው ለመላው የቅንጣቶች ቤተሰብ ይሠራል። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፓርክና ሆሮዊትዝ በ2003 ለደቃቅ ጋይሮስኮፕ ያሳተሙት ራሱን አራሚ መቆጣጠሪያም መረጋጋቱን የሚያሳየው በዚሁ ዘዴ ነው። በአንጻሩ ዘዴው ሲበዛ ጥንቁቅ ነው የሚለው ወቀሳ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የጋራ ፈንክሽን አለመገኘቱ ሥርዓቱ ይወድቃል ማለት ስላልሆነ ነዳፊው አንዳንዴ ያለ በቂ ምክንያት ከአፈጻጸም ይቀንሳል።

ልያፑኖቭ ይህን ሁሉ አላየም። ከ1892 በኋላ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። በካርኮቭ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት እንዲሰጥ ሲጠየቅ በመስኩ የተለመዱት ማስረጃዎች ክፍተት እንዳለባቸው አስተዋለና በ1900 እና በ1901 የማዕከላዊ ወሰን ቲዎረምን ከቀድሞው ሰፋ ባለ ሁኔታ በጥብቅ አረጋገጠ። በ1901 የሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ የተቀመጠው በቼቢሼቭ ወንበር ላይ ነው። በ1902 ወደ ፒተርስበርግ ሲዛወር ማስተማር ግዴታው ስላልነበረ ከ20 ዓመት በፊት ወዳቆየው የመምህሩ ጥያቄ ተመለሰ።

በዚህ መካከል ጥያቄው ባለቤት አግኝቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖአንካሬ በ1885 ከሞላላው ቅርጽ የሚፈልቅ አዲስ ቅርጽ አሳይቷል። አውሮጳውያኑ በፍሬ ስም ቢጠሩትም ለወላይታ አንባቢ አንገት ማውጣት የጀመረ ቅል ቢባል ይቀርባል። የካምብሪጁ ጆርጅ ዳርዊን፣ የቻርልስ ዳርዊን ልጅ፣ በ1902 ይህ ቅርጽ የተረጋጋ መሆኑን በረጅም ስሌት ደረስኩበት አለ። ለዳርዊን ነገሩ ከሒሳብም ያለፈ ነው፤ ጨረቃ ከመሬት ተገንጥላ ወጣች የሚለው አስተሳሰቡ፣ የሚሽከረከር ፈሳሽ ቀስ በቀስ አንገት አውጥቶ ለሁለት ሊከፈል መቻሉን ይሻ ነበር። በ1905 ልያፑኖቭ ተቃራኒውን አሳተመ፤ ቅርጹ የተረጋጋ አይደለም። ልዩነቱ የመነጨው ከሐሳብ ሳይሆን ከጥንቃቄ ነው። ሁለቱም ማለቂያ የሌለው ተከታታይ ድምር ደርሶባቸዋል፤ ዳርዊን የተወሰኑትን ክፍሎች ደምሮ የቀረውን ኢምንት ነው ሲል፣ ልያፑኖቭ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ወሰን አበጅቶለታል። የመልሱ ምልክት የተለወጠው በዚያ በቀረው ነው።

ዓለም ያመነው ግን ዳርዊንን ነበር። የልያፑኖቭ ሥራ ለማንበብ እጅግ አድካሚ ነው፤ ከ1906 እስከ 1914 በአካዳሚው በፈረንሳይኛ በአራት ክፍል የታተመው ጥናት ቀመር በቀመር ላይ የተደራረበበት ነው። እሱም ለመሟገት አልወጣም። በ1908 በሮም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ ተገኝቷል፣ የኦይለርን ሥራዎች ሁለት ጥራዞች ለኅትመት በማዘጋጀትም ተካፍሏል፤ ከዚህ በቀር የተረፈውን ጊዜ ለዚያው ጥያቄ ሰጠው። ዳርዊን በ1912 ሲያርፍ ክርክሩ አልተዘጋም ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ጂንስ ስሌቱን በራሱ መንገድ ደግሞ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ገፍቶ ቅርጹ የማይረጋጋ መሆኑን ያረጋገጠው በ1917 ገደማ ነው።

በዚያው በ1917 በጋ ልያፑኖቭ ፒተርስበርግን ለቆ ወደ ኦዴሳ ወረደ። ናታሊያ በሳንባ ነቀርሳ ትሠቃይ ስለነበር የደቡቡ አየር ይሻላታል ተብሎ ነው፤ ወንድሙ ቦሪስም በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሀገሩ በአብዮትና በእርስ በርስ ጦርነት ታምሷል። የእሱም ዐይን እየፈዘዘ ማንበብ ያስቸግረው ጀምሮ ነበር። በመስከረም 1918 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰማይ አካላት ቅርጽ ተከታታይ ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ የቼቢሼቭ ጥያቄ እስከ መጨረሻው የክፍል ሰዓቱ አብሮት ነበር።

ጥቅምት 31 ቀን 1918 ናታሊያ አረፈች። በዚያው ዕለት ልያፑኖቭ ራሱን በሽጉጥ መታ። ሦስት ቀን ያህል ሳይነቃ ቆይቶ ኅዳር 3 ቀን ሞተ፤ 61 ዓመቱ ነበር። በተወው አጭር ማስታወሻ ከሚስቱ ጋር እንዲቀበር ጠይቋል።

ከወረቀቶቹ መካከል ያለቀ የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። ውስጡ እንደ ቀድሞው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ጥግግቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሚሽከረከር ፈሳሽ የሚያጠና ነው። አካዳሚው ከ1925 እስከ 1927 በሁለት ክፍል አሳተመው።